ቦንቱ የተንበረከከችበት ገጽ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቦታው ነቀምቴ፣ ለልጆች የአማርኛ ማንበቢያ መጻሕፍት የሚያዘጋጅ ትንሽ ቢሮ ነበር። ኃላፊው ኦቦ ቶለራ የትምህርት ማስረጃዬን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ። የአንገር ጉቲን ልጅ ነሽ አሉ። እዚያ በቆሎ እንጂ ደራሲ ይበቅላል እንዴ?" አሉኝ። መጀመሪያው በኦሮምኛ "እንዴት አደርሽ፣ ልጄ" ማለታቸው ነው። ሳቅሁ። ሰው ሲቀልድብኝ እስቃለሁ፤ ዓይናፋር ነኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ገጽ የሚያቀናብሩት አዴ አስቴር ናቸው። "ጽፈሽ ስትጨርሺ ለልጆች አንብቢላቸው" አሉኝ። "እርሳስ ያዢ። አንዱ ጫማውን መነካካት ወይም በመስኮት ማየት ሲጀምር፣ እዚያ መስመር ጎን ነጥብ አድርጊ። ሲሬ አንብቢ፣ ዲጋ አንብቢ፣ እዚህ ከተማም አንብቢ። ሦስት ነጥብ ያለበትን መስመር ሰርዢው።"

"ብወደውስ?" አልኳቸው።

"የወደድሽውንማ ቀድመሽ።"

አራት መጻሕፍት በዚህ መንገድ ጻፍኩ። ረቂቁ ከልጆቹ በኋላ ወደ ሦስት ገምጋሚዎች፣ ከዚያ ወደ አዴ አስቴር ይሄዳል። በመጨረሻ ወደ እኔ ይመለስና በየገጹ ግርጌ "ይታተም" ብዬ እፈርማለሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይነካም። ቢያንስ የተነገረኝ እንዲያ ነበር።

አምስተኛው መጽሐፍ የቦንቱ ታሪክ ነው። ቦንቱ ወንዝ ተሻግራ የምትማር ልጅ ናት። ወንዙ ሲሞላ ታረፍዳለች፤ መምህሩም ያረፈዱትን በር ላይ ጠጠር ላይ ያንበረክካሉ። አንድ ቀን ቦንቱ፣ "መምህር፣ ነገ ጠዋት እኛ ጋ ይምጡና አብረን እንሂድ" ትላቸዋለች። ይመጣሉ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ ከልጆቹ ጋር ውኃው እስኪጎድል ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም በወንዝ ምክንያት አልተንበረከከም።

የፈጠራ ታሪክ ነው፤ ጠጠሩ ግን ፈጠራ አይደለም። ቀኝ ጉልበቴ ላይ ጠባሳው አለ። ከወሎ በሰፈራ የመጣው አባቴ ያን ጊዜ ጉልበቴን አይቶ፣ "ወንዙንስ ማን ይቅጣው እንግዲህ?" አለና ወደ እርሻው ሄደ። ታሪኩ የተጻፈው ከዚያች ቃል ተነሥቶ ነው።

ዲጋ ሳነበው አንድም ነጥብ አላስቀመጥኩም። ሌንሳ የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ መምህሩ ጫማቸውን ሲያወልቁ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ሌሎቹ "አሁንም አንብቢልን" አሉ።

ገምጋሚዎቹ ግን መጨረሻውን አልወደዱትም። አንደኛው፣ "ተማሪ መምህር እየመራች ወንዝ ታወርዳለች? ነገ ሁሉም መምህሩን ወንዝ ሊያወርድ ነው" አሉና ተሳሳቁ። ኦቦ ቶለራ ደመደሙት። "መምህር የሚሳሳትበት መጽሐፍ ትምህርት ቤት አይገባም። ቦንቱ ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቅ፤ ማልዳ ለመነሣት ቃል ትግባ። አለቀ።"

"ወንዙ እኮ የእሷ ጥፋት አይደለም" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ምንም።"

ያቺን "ምንም" እስካሁን አልረሳኋትም። ገጽ አሥራ አራትን እነሱ እንዳሉት ጻፍኩት። በግርጌው "ይታተም" አልኩና ፈረምኩ።

መጻሕፍቱ ከማተሚያ ቤት ሲመጡ ቢሮው ተደናገጠ። መቅድሙን የጻፉት ባለሥልጣን መጽሐፉ ማተሚያ ቤት እያለ ሹመት አግኝተዋል፤ ከስማቸው ሥር ግን "ምክትል ኃላፊ" ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሥራ ቆመ። "ኃላፊ" የሚል ቁራጭ ወረቀት በመቀስ እየቆረጥን፣ ኮላ እየቀባን፣ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ላይ ለጠፍን። ኦቦ ቶለራ ራሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ይለጥፉ ነበር። አዴ አስቴር፣ "እኔ ሰው በደረጃ ሲወጣ እንጂ በኮላ ሲወጣ አይቼ አላውቅም" አሉ።

ድፍረት ያገኘሁ መሰለኝ። "ኦቦ ቶለራ፣ ኮላው ካለ አይቀር፣ ገጽ አሥራ አራትንም..." አልኩ።

"የታተመ ታትሟል፣ ኢንተላ ኮ" አሉኝ። ቁራጩ ጣታቸው ላይ ተጣብቆ ነበር።

የመጽሐፉ ምረቃ ሐሙስ ነበር፤ ዲጋ ሄድን። ንግግር ተደረገ፤ ለክፍሉ አርባ መጻሕፍት ተሰጡ። እንዳነብ ተጠራሁ። ገጽ አሥራ አራት ስደርስ ልጆቹ ጫማቸውን መነካካት ጀመሩ። እርሳስ አልያዝኩም እንጂ ገጹ በነጥብ ይሞላ ነበር።

ሌንሳ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ በፊት ስታነቢልን ቦንቱ አልተንበረከከችም።"

ጣቴን መስመሩ ላይ እንዳደረግኩ ቀና አልኩ።

"ማን አንበረከካት?"

እንግዶቹ ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። መጽሐፉን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ስንመለስ ኦቦ ቶለራ መኪና ውስጥ፣ "ንቁ ልጅ ናት፤ እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ናቸው የሚያስፈልጉን" አሉ። ጥርሴን ነክሼ ነቀምቴ ደረስኩ። ለሹመት ኮላ ይገኛል፤ ለልጅ ጉልበት አይገኝም። ቢሯቸው ገባሁና ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"ነገ ዲጋ ሄጄ ገጽ አሥራ አራት ላይ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ልለጥፍበት ነው።"

"በማን ፈቃድ?"

"ስሜ ያለበት መጽሐፍ ነው።"

"ፊርማሽም አለበት።"

"አለበት። ጥፋቴ እሱ ነው።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲያው ሰኞ እዚህ እንዳትመጪ።"

"እሺ" አልኩ። ብዙ "እሺ" ብያለሁ፤ ያልቆጨኝ ያ ብቻ ነው።

ለልጆች መጻፍ ለጀመራችሁ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ረቂቅ ላይ ዝም ማለት መፈረም ነው። ድምፃችሁ ቀጭን ቢሆንም "ምን አልሽ?" ሲሏችሁ ድገሙት።

በማግስቱ ጠዋት አዴ አስቴር መናኸሪያ ጠበቁኝ። ፖስታ ሰጡኝ፤ የድሮው ገጽ አሥራ አራት፣ በልኩ የተቆረጠ፣ አርባ ቅጠል። "ኮላ አታብዢ፣ ይሸበሸባል" ብለው ሄዱ። ዲጋ ስደርስ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልተጀመረም ነበር። የሌንሳን መጽሐፍ ተቀብዬ ገጹን ገለጥኩ።

"ትናንት የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም" አልኳት። "ያንበረከክኳት እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን ለጠፍኩት። እሷ በመዳፏ ተጫነችው።