ለዋልካ ያዘጋጀሁት ሳጥን

አምና መስከረም ላይ የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀናት ሞጣ መጥተው ነበር። አባቴን ይዤ ስሄድ አሮጌዋ ፒካፔ ከጉንደ ወይን በታች፣ ከአባቴ መንደር ብዙም ሳንርቅ፣ ዋልካ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። በሬ ተለምኖ እስኪያወጣን ሐኪሞቹ ሄደዋል። የአባቴ ቀኝ ዓይን ሞራ እንደለበሰ ቀረ። እሳቸው እንኳ ቀልደው አለፉት፤ "ግራው ይበቃኛል፣ አንዱ ለማየት ከሆነ አንዱ ለጌጥ ነው" አሉ። ለእኔ ግን አልቀለለኝም። ዘንድሮ ጭቃ አያሸንፈኝም ብዬ ማልኩ።

ቢቸና እህል እየገዛሁ የምሸጥ ሰው ነኝ። ከሰኔ ጀምሮ መኪና ከጭቃ የሚያወጣ ዕቃ መሰብሰብ ያዝኩ። ቀላል ይመስላል። ገበያ ወጥቼ የመጎተቻ ገመድ ስል ባለሱቁ የአህያ መጫኛ ዘረጋልኝ። "መኪና ነው የምጎትትበት" ስለው "ይቺን አትናቃት፣ ስንት በሬ አስራለች" አለኝ። ብረት ቤቱ አካፋ አለው፣ እጀታ የለውም። እጀታ የሚሠራው አናጺ ለቅሶ ሄዷል። መኪና የሚጎትት ሁነኛ ቺንጋ፣ ሰፊውን የጭነት ማሰሪያ፣ ያገኘሁት ደጀን ድረስ ሄጄ፣ የአባይን ቁልቁለት የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ሰፈር ነው። መኪና ማንሻው ክሪክ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ የጎማ መንፊያ፣ የእጅ ባትሪ፣ የቁስል ማሰሪያና አንድ ጀሪካን ውሃ ጨመርኩበት።

ሞላልኝ ስል መጉደል ጀመረ። እኛ አገር ሰው ሲሞት አካፋና ዶማ የሁሉም ነው። አንዱ በር ላይ ቆሞ "ለቀብር ነው" ካለ ንግግሩ አበቃ፤ ነግ በኔ ነውና ማንም አይከለክልም። ሐምሌ ላይ አካፋዬ ሦስት ጊዜ ሄደ፤ በሦስተኛው እጀታው ተሰንጥቆ መጣ። ጣውላዎቹ ለቅሶ ቤት መቀመጫ ሆነው ሰነበቱ። ባለቤቴን ስቆጣት "ታዲያ ምን ልበላቸው? ሬሳው ይቆየን?" አለችኝ። እውነቷን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። የብረት ሳጥን አሠርቼ ሁሉንም ቆለፍኩበትና ከፒካፑ ጀርባ በብሎን አሳሰርኩት። ሰፈሩ "አካፋውን ባንክ አስገባው" እያለ ሳቀብኝ። ይሳቁ አልኩ።

ሐኪሞቹ ዘንድሮም መጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዝናብ በላብን። ለመጨረሻው ቀን ዋዜማ አባቴ ቤት ወርጄ አደርኩ። ጠዋት ስነሳ ሳጥኑ ተከፍቷል፤ አካፋውም ቺንጋውም የሉም።

"አባዬ፣ ሳጥኑን ማን ከፈተው?"

"እኔ ነኝ ያስከፈትኩት። ከበላያችን ያሉት ባልቴት ሌሊት አርፈዋል። ልጆቻቸው አካፋ ፈልገው ሲመጡ ቁልፉን ከኮትህ አውጥቼ ሰጠኋቸው።"

"ቺንጋውስ?"

"የቃሬዛው ማሰሪያ ደከመ አሉ። ያንተ ጠንካራ ነው።"

"ለእርስዎ ዓይን እኮ ነው የገዛሁት!"

"ታዲያ ሬሳ መሬት ሳይገባ፣ እኔ ልታከም ብዬ አካፋ ልደብቅ? ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል?"

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ተከራክሮ የረታቸው ሰው አላውቅም። ከመቃብር አፋፍ አካፋ ቀምቼ መምጣት አልችልም፤ ምዝገባው ደግሞ እስከ ቀትር ብቻ ነው። በንዴት ሞተሩን አስነሳሁ።

አምና የሰጠምንበትን ቦታ በጎን አለፍኩትና ከዚያ ወዲያ ባለው ሰጠምኩ። የግራው የኋላ ጎማ ከግማሽ በላይ ገባ። የቀሩኝ ክሪኩና ጣውላዎቹ ናቸው። ጭቃውን በእጄና በጎማ ማውለቂያ ብረት ቧጠጥኩ። ዋልካ እጅ ላይ ይጣበቃል እንጂ አይወድቅም፤ አንድ እፍኝ ጥዬ ስዞር ሌላው ቦታውን ሞልቶ ይጠብቀኛል። ጭቃውን ሰደብኩ፣ መንገዱን ሰደብኩ፣ ምስኪኗን ሟች እንኳ ሳልነካ አልቀረሁም። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቆመዋል።

እንደምንም ጎማውን በክሪክ አንስቼ ጣውላ ከሥሩ ሰካሁ።

"አባዬ፣ እዚህ ይቁሙልኝ። ጎማው ጣውላው ላይ ሲወጣ ንዳ ይበሉኝ፤ ከተንሸራተተ አቁም ይበሉኝ።"

ገብቼ ነዳጅ ሰጠሁ። ሞተሩ ጮኸ።

"ወጣ! ወጣ! ንዳ!" አሉ።

አጥብቄ ረገጥኩ። መኪናዋ ከኋላዋ ቁጭ አለች። ወርጄ ሳይ ጎማው ጨርሶ ተቀብሯል፤ ጣውላው ተስፈንጥሮ አባቴ እግር ሥር ወድቋል።

"ምኑ ነው የወጣው?" ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። "ጣውላው እግርዎ ሥር ተጋድሞ እያዩት!"

አባቴ አንገታቸውን ደፉ። በእግራቸው መሬቱን ቀስ ብለው ዳበሱ፤ ጣውላውን ሲነኩት ቆሙ።

"ድምፁ የወጣ መስሎኝ" አሉ።

ንዴቱ ከላዬ ወረደ።

"ግራ ዓይንዎም?"

"ከፋሲካ ወዲህ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ተማሪዎቹ ሌላ ጉባኤ ቤት ይሄዱብኛል ብዬ።"

ቅኔ በቃል ይነገራል፣ በቃል ይታረማል። የመንደሩን መንገድ ደግሞ እግራቸው ያውቀዋል። ማንም አልጠረጠረም። እኔም በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሁ አልጠረጠርኩም፤ ስመጣ የማወራላቸው ስለ ቺንጋና ስለ ጣውላ ነበር። አፈርኩ። በራሴ እንደዚያን ቀን ተናድጄም አላውቅም።

ፒካፑን እዚያው ትቼ እጃቸውን ያዝኩ። በእግር ዋናው መንገድ ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ከነጭቃችን አሳፈረን። ሞጣ ስንገባ ቀትር አልፏል፤ መዝጋቢዋ ነርስ ወረቀቷን እየሰበሰበች ነበር። ለመንኳት። ብዕሯን መልሳ አነሳች።

"የትኛው ዓይንዎ ነው አባቴ?"

"ቀኙ" አሉ ቶሎ ብለው።

"ሁለቱም" አልኩ እኔ።

ነርሷ ተራ በተራ አየችን። አባቴ በሰው ፊት የሚያርማቸውን አይወዱም፤ እንደሚቆጡኝ ጠበቅሁ። እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙና፣

"እሱ እንዳለው ጻፊው ልጄ" አሉ።