ሠላሳ አንድ ፖስታና አንድ ላጲስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ አታውቅም። ለንስሐ አባቴም ትንንሹን ሁሉ ስለፈልፍ ይህቺን ዘልያታለሁ። ስለዚህ የምታነቡት ሳታቋርጡ ስሙኝ፤ ነገሩን ከፊት ላስቀምጠው። የአንድ አዛውንት ሠላሳ አንድ ፖስታ ተውሼ፣ የሞቱት ሚስታቸው በእጃቸው የጻፉትን በላጲስ ፋቅኩ። ከዚያም ዋሸኋቸው። ፋቅኩ፣ ዋሸሁ። የቀረው ማብራሪያ ነው። ማብራራት ደግሞ እወዳለሁ፤ አስተማሪ ነኝ።

የመጀመሪያ ቀን ፖስታ የሚባለው እንዲህ ነው። ካናዳ አዲስ ቴምብር ስታወጣ፣ ቴምብሩ በወጣበት ዕለት ፖስታ ላይ ይለጠፍና የዚያው ዕለት ማኅተም ይመታበታል። በፖስታው ግራ በኩል ብዙውን ጊዜ ከቴምብሩ ጋር የሚሄድ ሥዕል አለ። ይህን የምንሰበስብና የምናጠና ሰዎች አለን። ከካልጋሪ ወጣ ብላ ባለችው ከተማ ኤርድሪ፣ አፓርታማዬ ውስጥ በዓመት፣ በከተማ፣ በሠዓሊ የተለዩ አልበሞች ደርድሬያለሁ። እንግዳ ሲመጣ ሳልጠየቅ አወጣቸዋለሁ። ሲያዛጋ አይታየኝም ነበር።

አንድ ልማድ አለን። ንጹሕ ፖስታ እንወዳለን፤ አድራሻ የሌለበት። ሰው ለሰው የጻፈበት ፖስታ ለእኛ የቆሸሸ ነው። ፖስታ ቤት ግን ያለ አድራሻ አያደርስም፤ ስለዚህ የድሮ ሰብሳቢዎች አድራሻውን በእርሳስ ሳሳ አድርገው ይጽፉና ፖስታው እጃቸው ሲገባ ይፍቁታል። ፖስታን የሚወድ፣ የተጻፈበትን የሚጠላ! ይህን ጅልነት እንደ ዕውቀት ስንት ሰው ፊት ቆሜ አስረድቼዋለሁ?

ጋሼ ወንድሙን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ካልጋሪ ውስጥ ሜይላንድ ሃይትስ በሚባል ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ ያሉትን የቢሮ ፎቆች በሌሊት ሺፍት ሲያጸዱ ኖረዋል። ባለቤታቸው እትዬ ብርነሽ ደግሞ ቀን ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ይሠሩ ነበር። ጋሼ ሲገቡ እትዬ ይወጣሉ። እትዬን የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ያስለመዷቸው በመጦሪያው እሳቸው ይንከባከቧቸው የነበሩ አንድ ካናዳዊ ሽማግሌ ናቸው። አድራሻውን በእርሳስ ጻፊ፣ በኋላ ትፍቂዋለሽ ብለዋቸዋል። እትዬ ብርነሽ በእርሳስ ጻፉ እንጂ አልፋቁም። ይልቁንም አዲስ ቴምብር በወጣ ቁጥር ወደ ገዛ ቤታቸው ፖስታ እየላኩ፣ ከእንግሊዝኛው አድራሻ ሥር ለባላቸው አንድ መስመር አማርኛ ያክሉበት ነበር።

ጋሼ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ሣጥኑን አውርደው ሲሰጡኝ እየሳቁ ነበር።

«ወሬዋ ሁልጊዜ ሦስት ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርሰኝ። ሽንኩርት ግዛ ትለኛለች፤ ፖስታው ሲመጣ ወጡ ተበልቶ አልቋል።»

«እጠነቀቅላቸዋለሁ ጋሼ።»

«አንቺ ቲቸር፣ ቀይ እስክሪብቶሽን እንዳታሳርፊባቸው ብቻ። ፊደሏ ጠመም ያለ ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ በጓንት ነው የምነካቸው!»

«ጓንት? እሷ እኮ በሽንኩርት እጇ ነው የጻፈችው።»

እኔ ግን ለእትዬ ብርነሽ ፊደል አልነበረም የመጣሁት። የሠላሳ አንዱም ፖስታ ሥዕል በእጅ የተሣለ ነበር፤ በቀጭን ቀለም፣ የስንዴ ዘለላ፣ ወፍ፣ የባቡር ድልድይ። ሠዓሊው አይታወቅም። ማን እንደሆነ ደርሼበት በሰብሳቢዎች ክበባችን ዓመታዊ ትርኢት ላይ ለማቅረብ ቸኩዬ ነበር። ሁሉም እንዲያጨበጭብልኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ክቡር ምክንያት አትፈልጉልኝ።

ቅዳሜ ቀን ጠረጴዛዬን ጠረግኩ። ነጭ የጥጥ ጓንቴን አጠለቅኩ። ለስላሳ ነጭ ላጲስ አወጣሁ። የጣቴ ወዝ ወረቀቱን እንዳይነካው ተጨንቄ ነበር እኮ! ከመጀመሬ በፊት አራቱን አነበብኩ። «የታች ቤቱ ጎረቤት ቁልፋችንን መልሷል።» «ዛሬ ጉልበቴ አላመመኝም።» «ሽንኩርት እንዳትረሳ።» «ስትገባ መጋረጃውን ክፈተው፤ ፀሐይ ይግባልህ።» አነበብኩና ከንፈሬን አጣመምኩ። እንዲህ ባለ ሥዕል አጠገብ የጓዳ ወሬ! አላዋቂ እጅ የገባ ቅርስ ነው ብዬ አዘንኩ፤ ለሰዎቹ ሳይሆን ለወረቀቱ። የቀሩትን ሃያ ሰባት ለማንበብ እንኳ አልደከምኩም። ፋቅኩ። የላጲሱን ፍርፋሪ በብሩሽ እየጠረግኩ፣ እያፏጨሁ፣ አንድ በአንድ ፋቅኩ። የማን ጽሑፍ እንደሆነ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። የጻፉት ሰው በሕይወት እንደሌሉ አላውቅም ነበር? ቀብራቸው ላይ ቆሜያለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ፖስታዎቹን በላስቲክ ከትቼ፣ ቁጥር ለጥፌ፣ በቅደም ተከተል አድርጌ መለስኩላቸው። ኮርቼ ነበር። ጋሼ የመጀመሪያውን አንስተው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ገለበጡት። ሁለተኛውን አዩ፤ ሦስተኛውን።

«ጽሑፉስ?»

«የቱ ጽሑፍ ጋሼ?» አልኩ፣ የቱ እንደሆነ እያወቅኩ።

«የብርነሽ ነዋ!»

ያን ጊዜ ነበር ጉልበቴ መሬት መንካት የነበረበት። እኔ ግን የክፍል ድምፄን አወጣሁ፤ ያንን ረጋ ያለ፣ ሁሉን የሚያውቅ ድምፅ። «እርሳስ ፀሐይ ሲበዛበት ይለቃል ጋሼ። መስኮቱ አጠገብ ስለኖረ ነው።»

የእርሳስ ጽሑፍን ፀሐይ አያስለቅቀውም። ይህን ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ የቀለም ጽሑፍና የእርሳስ ጽሑፍ መስኮት ላይ ለጥፈን ወራት ቆይተን እናያለን፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ እርሳሱ እንዳለ ይቀራል። ልጆቹ የሚያውቁትን እውነት ገልብጬ ለአንድ ሽማግሌ ሸጥኩላቸው።

ጋሼም አመኑኝ። «አንቺ ካልሽ ነው» አሉ። «እኔው ነኛ እዚያ ያስቀመጥኩት። የራሴ ጥፋት።» ፖስታውን እያገላበጡም፣ «ያን ሥዕል የሚሥሉላትን ሽማግሌ ስም እንኳ አንዱ ላይ ጽፋልኝ ነበር። ያ የመጦሪያው ሰውዬ። አሁን ከየት አመጣዋለሁ?» አሉ።

ሠዓሊው! ያ ስም ከሃያ ሰባቱ በአንዱ ላይ ነበረ፤ በጓንት እጄ ፍርፋሪ አድርጌ ጠርጌዋለሁ። ተመራማሪዋ እኔ ነኝ እንግዲህ። ከመመለሴ በፊት ባነሣኋቸው ፎቶዎች በትርኢቱ ላይ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ብዬ አቀረብኩ፤ ፖስታዎቹ ስለ ንጽሕናቸው ተመሰገኑ፤ እኔም እጅ ነሥቼ ተቀበልኩ።

ያን ቀን ጋሼ ወንድሙ ፖስታዎቹን አስቀመጡ። ወደ መስኮቱ ሄደው መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ስበው ዘጉት። «ፎቶዋን እንኳ ፀሐይ አይብላብኝ» አሉ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን እያዩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ያ መጋረጃ አልተከፈተም። በየወሩ እሄዳለሁ። ውጭ በረዶው ላይ የካልጋሪ ፀሐይ ዓይን ያጠፋል፤ ውስጥ ጋሼ በቀትር መብራት አብርተው ይቀመጣሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ለሰው ያሳዩኛል። «ይቺ ቲቸር ናት የብርነሽን ፖስታ ያደራጀችልኝ» ይላሉ። እኔም ፈገግ እላለሁ። ያን ፈገግታዬን በመስታወት ባየው እተፋበት ነበር።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የሰብሳቢ ልማድ ነው ልበል? ያን ልማድ እትዬ ብርነሽም ሰምተውት ነበር፤ ትምህርታቸው ከእኔ ቢያንስም፣ የማይፋቀው የቱ እንደሆነ ግን አልጠፋቸውም። ይቅርታ ብጠይቅ ጋሼ ወዲያው ይሰጡኛል፤ እንደዚያ ያሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ አልጠይቅም። የማስታውሳቸውን አራት መስመሮች በትልልቅ ፊደል ጽፌያለሁ። ቅዳሜ ይዣቸው እሄድና ይህንንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነብላቸዋለሁ። ቢያባርሩኝ እወጣለሁ።

ጋሼ፣ ፀሐይ ምንም አልነካብዎትም። እኔ ነኝ። መጋረጃውን ይክፈቱት፤ እትዬም ያሉዎት ይህንኑ ነበር።