ከምድጃው ፊት ያለችው በርጩማ

በሥልጠና ማዕከሉ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም፤ ሁሉም «እትዬ ተንበርከኩ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ነርሶች ናቸው ይባላል፤ መምህራኑ አጸደቁት፣ ፖሊሶቹ አዛመቱት። እሷም አልተቀየመችም። ሥራዋ ወላጆቻቸው በመጠጥና በሱስ የተያዙ ልጆችን ከአደጋ የሚያስጥሉ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነው። ሐኪምም ይሁን ባለማዕረግ፣ በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱን መሬት ሳያስነካ ከክፍሏ የወጣ የለም።

ክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ሙሉ ቤት አሰናድታለች፤ አልጋው፣ መሳቢያው፣ ምድጃው ሁሉ አለ። መጀመሪያ ቆመው ያዩትን ታስጽፋቸዋለች። ሁሉም «ንጹሕ ቤት» ብሎ ይጽፋል። ቀጥላ «አሁን የስድስት ዓመት ልጅ ሁኑ» ትላለች። ያኔ አልጋ ሥር የተሸጎጠው ጠርሙስ፣ መሳቢያ ውስጥ የቀረው የእንቅልፍ ኪኒን ብቅ ብቅ ይላል።

ማን ይናገር የነበረ ነውና፣ ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። በወጣትነቷ ቤት ለቤት የምትዞር ማኅበራዊ ሠራተኛ ሳለች አንድ ጠጪ አባት ቤት ገብታ ነበር። ወለሉ ያብረቀርቃል፣ ሳህኑ ታጥቦ ተደርድሯል። ላዩን አይታ፣ ውስጡን ለቄስ ትታ፣ «ችግር የለም» ብላ ፈርማ ወጣች። በሦስተኛው ሳምንት የቤቱ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ያልሞላት፣ የፈላ ውኃ ክንዷ ላይ ተደፍቶ ሆስፒታል ገባች። ወለሉን የምትወለውለው፣ ለታናሿም የምታበስለው እሷ ኖራለች። ምድጃው ፊት በርጩማ ነበረች፤ እትዬ አይታታለች፣ ግን ለምን እንደተቀመጠች አልጠየቀችም። ልጅቷ ዳነች። ያቺ ፊርማ ግን ዛሬም ታንገበግባታለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ሳጅን አልንበረከክም አለ።

«እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት ቤት ስፈትሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጉልበቴም ሐኪም ይከታተለዋል።»

«ሐኪምዎም ይምጣና አብሮ ይንበርከክ። አለዚያ የምስክር ወረቀትዎ ላይ አልፈርምም።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሳጅኑ እያጉረመረመ ወረደ፤ ምድጃው ፊት ያለችውን በርጩማ ሳብ አድርጎ ሊቀመጥባት ቃጣው።

«ይተዋት» አለችው። «ለማን የተቀመጠች ይመስልዎታል?»

ሳጅኑ በርጩማዋን አየ፣ ቀና ብሎ ምድጃውን አየ። በርጩማዋን ወደ ቦታዋ መልሶ ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

ወር ሳይሞላ ጎረቤት ጠቁሞት አንድ ቤት ሄደ። እናቲቱ ለብሳ፣ ተበጥራ፣ ፈገግ ብላ ተቀበለችው። ቤቱም እንደ መስተዋት ነው። የድሮው ሳጅን ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይወጣ ነበር። የአሁኑ «የጫማዬ ክር ተፈታ» ብሎ በርከክ አለ። ምድጃው ፊት በርጩማ አለች፤ ላይዋ ላይ ገና ያልደረቀ የትንሽ እግር አሻራ ይታያል።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬ ማን ነው ያበሰለው?» አላት በር ጥግ የቆመችውን ልጅ።

«እኔ። እማዬ ከጠጣች አትነሳም።»

ሳጅኑ ለእትዬ ደወለ፤ ስልኳን ስታነሳ «ተንበርክኬ ነው የምደውለው፤ በርጩማ አለች» አላት። በዚያው ቀን ልጅቷና ሕፃን ወንድሟ አክስታቸው ቤት ገቡ፣ እናቲቱም ሕክምና ጀመረች። የፈላ ውኃ ማንንም አልነካም። እትዬ ቢሮዋን ዘግታ አለቀሰች፤ ከስንት ዓመት በኋላ የደስታ ልቅሶ።

ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ ሥልጠናው መሐል በሩ ተንኳኳ። እናቲቱ ናት፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ግን ጠርቷል። የቤቷን በርጩማ በብብቷ ይዛለች።

«ልጆቼ ከተመለሱልኝ ወር ሆናቸው። የማበስለው እኔ ነኝ» አለች። «ይቺ እቤቴ ሥራ የላትም፣ አስተምሩባት።»

እትዬ በርጩማዋን ተቀብላ በአሮጌዋ ምትክ ምድጃው ፊት አኖረቻትና እንደ ልማዷ «በሉ፣ ተንበርከኩ» አለች። ሠልጣኞቹ ወረዱ። እናቲቱም ማንም ሳይላት አብራቸው ወረደች፤ ቀና ብላ ምድጃውን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ልጄን እንዲህ ይርቃት ኖሯል» አለች።

«አንቺ ግን ትደርሺበታለሽ» አለቻት እትዬ፣ እጇን ይዛ እያስነሳቻት።