አንድ አፍ ያለው ኮምፒውተር

ትናንት ከሰዓት ዶፍ ሲወርድ ሦስት ተማሪዎች ወረቀት ሊያሳትሙ ሱቄ ገቡና፣ አንዷ ጭቃዋን አይታ አፍራ ነው መሰለኝ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲዋ ቆመች፤ የረጠበ ካልሲ ሽታ ከጋለ ኮምፒውተር አቧራ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታኝ ሥራዬን ትቼ እንደ ሞኝ ፈገግ አልሁ። ለሌላው ሰው ይህ ሽታ ነው፤ ለእኔ ዘጠነኛ ክፍል ነው።

መካነ ኢየሱስ ከተማ የተማርሁበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ድሮ የጠመኔና የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ የነበረ ጠባብ ቤት ሲሆን፣ ለኮምፒውተሮቹ ክብር ሲባል ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነበር። ሲሚንቶው ተፈርፍሮ አፈር ስለወጣ ጫማችን ከወለሉ ይልቅ ንጹሕ ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር! ኮምፒውተሮቹ ከአበባማ አንሶላ የተሰፋ ልብስ ነበራቸው፤ አንዳንዶቻችን እንኳ እንደነሱ አንለብስም ነበር። ሁሉም ሊኑክስ የሚባለው ማስኬጃ ፕሮግራም የተጫነባቸው ሲሆኑ፣ ስፒከር የተገጠመለትን አንዱን የሚኒ ሚዲያ ክበባችን በጠዋት ሰልፍና በእረፍት ሰዓት ይጠቀምበት ነበር።

ያ ኮምፒውተር አንድ አፍ ብቻ ነበረው። ሙዚቃ ማጫወቻው አንዴ ድምፁን ከያዘ ሌላው ፕሮግራም ትንፍሽ አይልም፤ የቀዳሁትን ንግግር ስከፍት ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። ሙዚቃውን ስዘጋው ንግግሩ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ከሥሩ ዋሽንት የለ፣ ምን የለ፣ ወጥ የሌለው ደረቅ እንጀራ።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። አንድ ጠዋት በሰልፍ ላይ ማይኩ እጄ ሲገባ፣ "በወላጆች ቀን ንግግሬ ከዋሽንት ጋር ይወጣል፣ ልክ እንደ ሬዲዮ!" ብዬ አወጅሁ። የክበቡ ኃላፊ ጋሻው የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነው፤ አሮጌውን ካሴት ማጫወቻ እንደ ሕፃን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ። "እሺ እመት ሬዲዮ፣ ካልወጣ ማይኩን ታስረክቢያለሽ" አለኝ በሰው ሁሉ ፊት። ማይኩ ብቻ ቢሆን በዋለ ባደረ እረሳው ነበር፤ ግን አባቴ ሊመጡ ነው። አባቴ የደብራችን መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ የሚውሉ፣ የእኔን ትምህርት ቤት ደጅ ረግጠው የማያውቁ፣ ክበባችንን "የዘፈን ቤት" የሚሉ ሰው። ጾሙን ሙሉ ጨቅጭቄ ነው እሺ ያሰኘኋቸው፤ አንዴ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ድምፄን በጆሯቸው እንዲሰሙልኝ ፈልጌ።

የመሪጌታ ልጅ ነኝና ያሰብሁትም እንደ መሪጌታ ልጅ ነው። ማኅሌት ሲቆም ካህናቱ ቀኝና ግራ ሁለት ሰልፍ ይሠራሉ፤ እንግዲያው ለሁለት ድምፅ ሁለት ስፒከር ያስፈልጋል ብዬ ከጎረቤት ሌላ ስፒከር ለምኜ ተሸክሜ መጣሁ፣ በግራ በቀኝ አቁሜ ገጠምኋቸው። ሁለቱም ያንኑ ዋሽንት እጥፍ አድርገው ጮኹ፤ ንግግሬ ግን እንደ ሞተ ነው። ጋሻው በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈ።

ማታ ኩርፊያዬን አባቴ አዩና ምን ሆንሽ አሉኝ፤ አንድ በአንድ ነገርኋቸው። ጢማቸውን እያሻሹ ሰምተው፣ "አንቺ ልጅ፣ ሰልፍ ብታበዢ ምን ዋጋ አለው? ሁሉም ከበሮውን እኔው ልምታ ካለ ቀድሞ የያዘው አይለቅም። ድምፃቸውን ለመሪ ይስጡ፣ መሪው ያስማማዋል" አሉ።

"ኮምፒውተር መሪጌታ የለውማ፣ አባዬ!"

"ፈልጊያ!"

በማግስቱ ካልሲዬን እየጎተትሁ ገባሁ፣ መዝገበ ቃላቴን ጭኔ ላይ ዘርግቼ የማጫወቻውን ማስተካከያ ገጽ ቃል በቃል በረበርሁት። ለካ ድምፁን በቀጥታ ስፒከሩን ለሚያናግረው የድምፅ ካርድ እንዲልክ ታዝዟል! ከሥሩ ሌላ ምርጫ አለ፤ ከየፕሮግራሙ ድምፅ ተቀብሎ አቀላቅሎ ለሚያወጣ ለአንድ አስማሚ መስጠት። መሪጌታው እዚያው ተቀምጦ የሚጠይቀው አጥቶ ኖሯል። ማጫወቻውን ቀየርሁት፤ ዝም። መቅጃውንም ቀየርሁት፣ ሁለቱንም ዘግቼ ከፈትሁ፤ ዋሽንቱ ሲንቆረቆር የራሴ ድምፅ ከላዩ መጣ። ስዘልል ካልሲዬ አንሸራተተኝና በቂጤ ተቀመጥሁ። አፈሩ ላይ ቁጭ ብዬ የሰማሁት የመጀመሪያዬ ሬዲዮ ያ ነው።

በወላጆች ቀን አባቴ ነጭ ጥምጥማቸውን አሳምረው ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዋሽንቱ ወጣ፣ ድምፄ ተከተለ፤ የጋሻው አፍ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ የአባቴ ጭራ ዝንብ ማባረሩን ትቶ በዜማው መወዛወዝ ጀመረ። ንግግሬ ከሚያምርበት ቦታ ደርሶ "የተከበራችሁ ወላጆቻችን ሆይ" ሲል፣ ቧ! ደግሞ ቧ! ቧ! ጠዋት ሦስተኛ ድምፅ ልሞክር ብዬ የከፈትሁትን የመተየቢያ ጨዋታ ሳልዘጋው ኖሯል፤ ፊደል በወደቀ ቁጥር የሚፈነዳውን። ድሮ ቢሆን አፉ ተይዞ ዝም ይል ነበር፤ ያን ቀን ግን እሱም ተራውን አገኘ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ሳቀ፣ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? መሪጌታው አባቴ! ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ስቀው ለጎረቤታቸው፣ "የልጄ መሪ ደግ ነው፣ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል" ሲሉ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጋሻውም ማይኩን ደረቴ ላይ ጣል አድርጎ፣ "ያንቺው ነው፣ እመት ሬዲዮ" አለኝ።

ዛሬ ስልክ የምጠግን ሴት ነኝ። የማንም ስልክ እየዘፈነ መልእክት ሲገባ ያንጫርራል፣ ማንም አይደነቅም፤ እኔም ካልሸተተኝ አላስታውሰውም። የኮምፒውተር ክፍሉ በጫማ ይገባበታል አሉ። አባቴም ጆሯቸው ደክሟል፤ ሁለት ሰው አብሮ ካወራ አንዱንም አይሰሙም፣ እጃቸውን አንሥተው "በተራ፣ በተራ" ይላሉ። ማስተካከያ ገጹ የት እንዳለ ባውቅ ሌሊቱን ሙሉ ባልተኛሁ! ስለዚህ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ ወንድሜ አፉን ይይዛል፣ ለፍላፊዋ እኔም ተራዬን እጠብቃለሁ።

ትናንት ማታ ተራዬ ሲደርስ በደህናው ጆሯቸው ጠጋ ብዬ የካልሲዋን ልጅ ነገር አወራኋቸው። "ያ ነገር እንዴት ነበር የሚለው?" አሉኝ። በቤቱ ውስጥ ሌላ ምንም ድምፅ አልነበረም። ቧ! አልሁላቸው፤ እንደዚያን ቀኑ ከሰው ሁሉ ቀድመው ሳቁ።