የድንኳኑ ፒካፕ አዲስ ፊልትሮ

ሰው መኪናው ላይ ከሚጨምራቸው ነገሮች ሁሉ፣ ከሞተሩ ይልቅ ለባለቤቱ ኩራት የተሠራ እንደ ስፖርት ፊልትሮ ያለ አላየሁም። ይህን የምለው መኪና ስለማውቅ አይደለም፤ አንዱን በቀራንዮ ዳገት ላይ ስሰማ አንድ ክረምት ሙሉ ስላሳለፍኩ ነው።

ፒካፑ የጎረቤታችን ነው። ባለ አንድ ጋቢና፣ አሮጌ ናፍጣ ነው። አዘቦት ቀን ሲሚንቶና ጭድ ይጭናል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ የእድራችንን ድንኳን፣ የብረት ምሰሶና አግዳሚ ወንበር ወደ ለቅሶ ቤት ያደርሳል። ባለቤቱ አንድ ቀን ከውጭ የመጣ ነው የተባለ ቀይ ሾጣጣ የአየር ፊልትሮና የሚያብረቀርቅ ቱቦ ገጠመለት፤ ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ ጠራኝ።

«ቀዝቃዛ አየር ነው የሚስበው፣ ፕሮፌሰር» አለኝ። ፕሮፌሰር አይደለሁም፤ ስሙን ያወጣልኝ መጽሐፍ ይዤ ታክሲ ስጠብቅ አይቶኝ ነው። «ጉልበት ይጨምራል፤ ናፍጣ ይቆጥባል።»

«ከየት ነው የሚስበው?»

«ከዚሁ ነዋ!» ወደ ሞተሩ ጠቆመ።

«ይኼ እኮ ምድጃ ነው። የድሮው ጥቁር ሳጥን በፓራፋንጎው፣ በጎማው መከለያ በኩል ከውጭ ነበር የሚስበው። አንተ ቀዝቃዛውን ትተህ ትኩሱን አጠጣኸው።»

«አንተ ደግሞ! የሚስቅ ጥርስ ብታይ ተቦርቡሯል ሳትል አታልፍም።»

የአዲስ አበባ አየር ራሱ ስስ ነው፤ ቱቦ ስላሰፉለት አይወፍርም። አቧራችን ግን ወፍራም ነው፤ ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ ክምር በኩል የመጣ ቀን ምን እየሳቡ እንደሆነ አለመጠየቅ ይሻላል። ያ ቀይ ፊልትሮ ብዙ አየር የሚያሳልፈው ብዙ አቧራም ስለሚያሳልፍ ነው። በእውነት የጨመረው ድምፅ ብቻ ነበር። ፒካፑ ዳገቱን ሲወጣ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው እያፏጨ በረጅሙ ይስባል፤ ነጂው ጆሮው ስለሞላ ጉልበት የተጨመረለት ይመስለዋል።

ሰፈሩ የሰማው ግን ሌላ ነገር ነው። ጥቂት ለቅሶ እንዳለፈ ያ ፉጨት ከታች ሲነሣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በር ላይ ይወጡ ጀመር። ሲሚንቶ ጭኖም ቢሆን ይወጣሉ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ «እኔን ሥራ አስፈታኝ» እያለ ያማርር ነበር።

በዚያ ክረምት አባቴን ሳንባው እየከዳው ነበር። በትራስ ተደግፎ፣ መንገዱን በሚያየው መስኮት ሥር ይተኛል። ዕድሜውን ሙሉ የእድሩ ዕቃ ጠባቂ ስለነበር የምሰሶዎቹን መንኳኳት ከማንም ብረት ለይቶ ያውቀዋል። ፉጨቱና ብረቱ አብረው በመጡ ቁጥር ትንፋሹን ይዞ ሲያዳምጥ አየሁት። ያለው ትንፋሽ ደግሞ የሚያዝ አልነበረም።

ሄጄ ድምፁ አባቴን እንደሚረብሸው ለባለ ፒካፑ ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ በዚያው ቀን ቀዩን ፈትቶ የድሮውን ሳጥን መለሰ። እያወጣው ሳለ ጣቴን ከፊልትሮው ወዲያ፣ ንጹሕ መሆን በሚገባው ቱቦ ውስጥ ከተትኩ። ጥቁር ሆኖ ወጣ። ጣቴን አሳየሁት። ረክቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ እንቅልፍ አጣ። ጠጠር ላይ ጎማ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ቀና ይላል።

«ማን ሞተ?»

«ማንም፣ አባዬ።»

«መኪናው መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«በምን አወቅህ?»

ፒካፑ አሁን እንደ ሌላው መኪና ሆኗል፤ ሌላው መኪና ሁሉም እንደ እሱ ሆኗል።

በመጨረሻ ባለ ፒካፑን አስጠራው። ሰውየው ቆቡን አውልቆ አልጋው አጠገብ ቆመ።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ጩኸት ምን አደረግኸው?»

«አወጣሁት አባባ። ልጅዎ ይረብሻቸዋል ቢለኝ።»

«እሱ ምን ያውቃል? ያነባል እንጂ አይሰማም።» ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። «ስትመጣ ከታች እሰማሃለሁ። ከበራችን ወዲያ ዳገቱ ይብሳል፤ ድምፅህም ይጨምራል። ጨመረ ማለት አለፍክ ማለት ነው። ያን ጊዜ እተኛለሁ።»

«አባባ ደግሞ! ሳልጠራ ድንኳን ይዤ እዚህ ምን አመጣኝ?»

«ሞቼ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? እነዚህ መርዶ በወጉ የማይነግሩ ሰዎች ናቸው፤ ይደብቁኛል።»

ሁለቱም ሳቁ። የአባቴ ሳቅ ወደ ሳል ተለወጠና ሳሉ ቶሎ አልቆመም።

በር ድረስ ስሸኘው «ብትመልሰው ሞተርህ ያልቃል» አልኩት።

«ሞተር ይታደሳል፣ ፕሮፌሰር» አለኝ።

መለሰው። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ባባራ ቁጥር ድምፁ ከታች ይነሣል፣ ይቀርባል፣ ከበራችን ወዲያ ይጨምራል። የአባቴ ትከሻ ይረግባል፤ ዓይኑን ይከድናል። እኔም መጽሐፌን ገልጬ አንድ መስመር ደጋግሜ እያነበብኩ እንደማዳምጥ አስተዋልኩ። ድንኳን ጭኖ ባለፈ ቁጥር ወደ አንዱ ለቅሶ ቤት ነበር የሚሄደው፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ አባቴ እኩዮች ቤት። አባቴ ማን እንደሆነ መጠየቁን ተወ።

መንገዱ ሲደርቅ አቧራው ተመለሰ። ፒካፑ ሲያልፍ ሰማያዊ ጭስ ይተው ጀመር። በሁለተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት አሁን በአንደኛ፣ እያረፈ ይወጣዋል። ጉልበት ተጨመረለት የተባለው መኪና በየሳምንቱ እየዘገየ መጣ። «አሁን ደግሞ ቆየ» አለኝ አባቴ አንድ ከሰዓት፣ ጆሮውን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ። «ይደርሳል ግን።»

ከመስቀል በኋላ በአንድ ጠዋት እድሩን የጠራሁት እኔ ነበርኩ። መስኮቱ ተዘግቶ መጋረጃው ወርዷል፤ ውስጥ ሴቶቹ ናቸው። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ድምፁ ከታች ተነሣ። እያፏጨ፣ ብረቶቹን እያንኳኳ፣ ቀስ እያለ ወጣ። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብለው ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። ራሴ ጠርቼው፣ ሁሉን እያወቅሁ፣ ድምፁ እንዲጨምር ጠበቅሁ።

በራችን ጋ ሲደርስ ቀነሰ።