ቦንጋን አስቀድመህ ጻፍ

ባለቤቴ ሲያርፍ የጭነት መኪናውን ትቶልኝ ሄደ። ሹፌር ቀጠርኩ፤ እኔም ጋቢና ውስጥ አብሬው እየተቀመጥኩ ቦንጋ አካባቢ ካሉት ከሺሺንዳና ከዋጫ ቡና ጭነን አዲስ አበባ እናደርሳለን። «ሴት ልጅ ከጫኝና አውራጅ ጋር ምን ያጨቃጭቃታል?» የሚሉ ነበሩ። ያጨቃጭቀኛል፤ እወደዋለሁም። ሸራው በደንብ ካልተወጠረ የኛ አገር ዝናብ ለማንም አይራራም፣ ስለዚህ ጮኼም ቢሆን አስወጥራለሁ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ግን መኪናዋን እንድሸጥ መወትወት ከጀመረ ሰነባብቷል። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ዕቃ ከወደብ ከሚያስወጡ የትራንዚት ሰዎች ጋር ስለሚውል ወሬ ቀድሞ ይደርሰዋል። «እትዬ፣ የነዳጅ ቧንቧ ሊዘረጋ ነው፤ ባቡርም ይጨመራል። ከዚያ በኋላ የሚሠሩት ትልልቆቹ ተሳቢዎች ብቻ ናቸው። ዋጋ እያላት ይሽጧት» ይለኛል በስልክ። ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ለክፉ ሰው መልስ አላጣም።

እውነቱን ለመናገር ማመንታት ጀምሬ ነበር። ናፍጣ ሲጠፋ ማደያው ደጃፍ ተሰልፈን እንውላለን፤ ቦቴው ጭቃ ይዞት መንገድ ላይ ቀርቷል ይባላል፤ የጫንነው ቡና እኛን እያየ እኛም እሱን እያየን ይመሻል። እሺ ልበለውና ልረፍ ወይ እያልኩ ሳለ፣ ባለመኪኖች ሁሉ ቦንጋ አዳራሽ ለስብሰባ ተጠራን።

«የጭነት ትራንስፖርትና የኢነርጂ ዘርፍ አውትሉክ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ በርቷል፤ የወደፊቱ ዕይታ ማለታቸው ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ወጣት ነው፤ ትሑት ነው፤ ደክሞበታል። ካርታ አሳየን። ከወደቡ እስከ መሀል አገር የተሰመረው ወፍራም ቀይ መስመር ቧንቧው ነው፤ ከጎኑ ያለው ጥቁሩ ባቡሩ። ወደ እኛ የምትመጣው ክር የምታህል መስመር ጅማ ስትደርስ ቆማለች። ቦንጋ መሆን ያለበት ቦታ ላይ የቀለሞቹን ትርጉም የሚናገረው ሳጥን ተቀምጦበታል። አጠገቤ የነበሩ አንድ የማር ነጋዴ «እኛ ከሳጥኑ ሥር ነን» ብለው ሳቁ። እኔን ግን አላሳቀኝም።

እጄን አወጣሁ። «የእኛ ቡና እዚህ ካርታ ላይ የቱ ጋ ነው?»

«ታሳቢ ተደርጓል፣ እትዬ» አለኝ ባለሙያው። «ከመሀል አገር ሲሚንቶና ስኳር ይዘው የሚመጡት መኪኖች ባዶ እንዳይመለሱ ቡናውን ይጭኑታል። ሪተርን ሎድ ነው፤ የመልስ ጭነት።»

የመልስ ጭነት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። መኪናው ዋናውን ጭነት አራግፎ ባዶውን ከሚመለስ፣ ናፍጣውን ቢችልልኝ ብሎ የሚይዘው ነው። ቀጠሮ አይሰጠውም፤ አይመረጥም። ከተገኘ ይጫናል፣ ካልተገኘም ቀረ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ሰው ጎንበስ ቀና ብሎ የለቀመው፣ በእግር መንገድ ተሸክሞ ያወጣው ቡና እንግዲህ ይህ ሆነ። ደሜ ፈላ።

«ልጄ፣ የእኔ መኪና አዳሯ ቦንጋ ነው። ሄዳ ትመለሳለች እንጂ መጥታ አትሄድም» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሱም ፈገግ ብሎ «ኮሜንቱን ይዣለሁ» አለኝና ወደሚቀጥለው ሥዕል አለፈ።

እየተብሰለሰልኩ ወጥቼ መኪናዋ ወደቆመችበት ሄድኩ። የጋቢናውን በር ልከፍት ስል፣ ለዓመታት ሳየው የኖርኩት ጽሑፍ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «አዲስ አበባ – ቦንጋ» ይላል። ባለቤቴ ነበር ያስጻፈው። ዞር ብዬ ሌሎቹን አየሁ፤ ስብሰባ የመጡት የቦንጋ መኪኖች በሙሉ እንደዚያው ናቸው። እዚሁ አድረን፣ ከዚሁ ተነስተን፣ ከዚያ የመጣን አስመስለን በራችን ላይ ጽፈን እንዞራለን። ታዲያ ባለሙያው ምን አጠፋ? እኛ የነገርነውን ነው መልሶ የነገረን። በእሱ ተናድጄ በራሳችን ባሰብኝ።

በማግስቱ ታፔላ ጻፊ ጠራሁ። «ቦንጋን አስቀድመህ ጻፍ» አልኩት። እሺ ብሎ አሮጌውን ቀባው። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ፣ በአዲስ ቀለም አሳምሮ «አዲስ አበባ – ቦንጋ» ብሎ ጽፎልኛል! እጁ ለምዶበት ነው።

«ውይ እትዬ! ሁሌም እንዲህ ነዋ የምንጽፈው» አለኝ ደንግጦ።

«እኮ!» አልኩት። ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። አስጠፋሁትና አጠገቡ ቆሜ ፊደል በፊደል አስጻፍኩት።

ቅዳሜ ሺሺንዳ ቡና ስናስጭን የባለቤቴ ወንድም ገዢ ይዞ ከተፍ አለ። ገዢው ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ መኪናዋን ዞራት። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ አነበበ።

«እትዬ፣ ቧንቧው ሲመጣ እንዳይቆጭዎት» አለኝ የባለቤቴ ወንድም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ይምጣ! እኔ ነኝ ቀድሜ እልል የምለው፤ ወረፋው አንገፍግፎኛል። ቧንቧ ግን ቡና አይጭንም። ከገበሬው ደጃፍ ቡና የሚያወጣ ቧንቧ የሠሩ ዕለት ንገረኝ፤ ያን ጊዜ እሸጣታለሁ» አልኩት። ጫኞቹ ሥራ አቁመው ያዳምጡ ነበር፤ ቀጥሉ አልኳቸው።

ገዢው እንደማልሸጥ ገባው። ባዶ እጁን ከሚሄድ ለጨዋታ ያህል ይመስለኛል፣ ሸራው ሲወጠር እያየ ጠየቀኝ።

«ከአዲስ አበባስ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ? ሲሚንቶ ነው ስኳር?»

«እሱ የመልስ ጭነት ነው» አልኩት። «የተገኘውን።»