የክፉ ቀን ጉድጓድ

ባለፈው ሰሞን የልጄ ሚስት ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን ዕቃ ልታስተካክል ከቁም ሣጥኑ ሥር ጎትታ አወጣችው። ማካሮኒ፣ ዘይት፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ሻማ፣ የእጅ ባትሪ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፤ ከሁሉም በታች ደግሞ እርጥበት የገባው፣ ተረስቶ የከረመ አንድ ፌስታል ገብስ። ፈታችውና ፊቷን አጨማደደች፤ «አባባ፣ ይሄስ አልቆለታል፣ ልድፋው» አለችኝ። እኔ ተቀበልኳትና አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የታፈነ አፈርና የሻገተ ጭድ የተቀላቀለበት፣ ጎምዘዝ ያለ ሽታ ነው። ልጅቱ ሽማግሌው ዞረበት ሳትል አልቀረችም፤ እኔ ግን በዚያች ሰዓት ሀይሌ ጋርመንት ካለው ፎቅ ላይ አልነበርኩም፤ ላፍቶ፣ ከአባቴ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ነበር።

በሃምሳዎቹ ላፍቶ እርሻ ነበር። ከተማ ማለት ወንዙን ተሻግረው የሚሄዱበት ቦታ ነው፤ ወንዙ ደግሞ ሐምሌ ከገባ በኋላ እንደ ፈቀደው ነው፤ ከሞላ ገበያ የለም፣ ወፍጮ የለም፣ ሐኪም የለም። ስለዚህ አባቴ ቱፋ በጋውን በሙሉ ክረምትን ሲጠብቅ ነበር የሚኖረው። በሶው ተወቅጦ በስልቻ ይታሰራል፣ ዳቦ ቆሎው በቅል ይሞላል፣ ላምባው በዳሚጃን ተደርጎ ከአልጋ ሥር ይገባል፣ ክብሪቱ ሰም በተነከረ ጨርቅ ይጠቀለላል፣ የሞፈሩ ጠፍር ሁሉ በቅቤ ታሽቶ ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል። ቋንጣው ከጣሪያው ሥር ጢሱ ውስጥ ተሰቅሎ ይከርማል፤ አባቴ ከድመቷ ይልቅ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ደበላን ነበር የሚጠብቀው፤ ድመቷ እንኳ ታፍራለች ይል ነበር። በሶ ሰርቀን አፋችንን ሳንጠርግ ስንቀርብለት ውሃ ያቀርብልን ነበር፤ ያ ከዱላ የባሰ ነው።

የሁሉ መጨረሻ ግን ጉድጓዱ ነው። ከቤታችን በላይ ካለው ደረቅ ጉብታ ላይ የተቆፈረ፣ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ውስጡ በእሳት ተተኩሶ በእበት የተለቀለቀ፣ ዙሪያው ጭድ፣ መሐሉ ገብስ፤ አፉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደርጎበት በጭቃ ይመረጋል፤ የዝናብ ውሃ እንዳይደርስበትም ዙሪያውን ክትር ይሠራለታል። እህሉ ሲከርም ታዲያ ጉድጓዱ ክፉ ትንፋሽ ይይዛል፤ የገባን ሰው ሳያስጮህ ነው የሚያስቀረው። በእኛ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ጉድጓድ በብራ ቀን ይከፈታል፣ ተከፍቶ ያድራል፣ በማግስቱ ኩራዝ በገመድ ይወርድበታል፤ ኩራዙ ከጠፋ ገና ነው፣ ማንም እግሩን አያስገባም።

እና በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ወንዙ ከልክ አልፎ ወጣና የከድርን ሱቅ ወሰደው። ከድር ከስልጤ አገር መጥቶ ወንዙ ዳር ጨውና ስኳር የሚሸጥ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነበር። ከባለቤቱ ከዘይነባና ከልጆቹ ጋር በዝናብ ተደብድቦ እኛ ቤት ሲገባ ከሱቁ ሁሉ ያተረፈው ሚዛኑን ብቻ ነበር፤ የሚመዝነው ነገር ሳይኖር ሚዛኑን እንደ ሕፃን አቅፎታል። እናቴ ሚዛኑን ተቀብላ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠችለት፤ ልጆቹን ከእኛ ጋር አስተኛቻቸው፤ በዚያው ከረሙ።

ችግሩ ምኑ ላይ መጣ? ፍልሰታ ተፈታ፤ ቋንጣው ከራሳችን በላይ ተሰቅሏል፤ የከድር ቤተ ሰቦች ግን የክርስቲያን ዕርድ አይበሉም። እናቴ ድስቶቿን በአመድ ፈትጋ ካጠበች በኋላ ሥጋ እንዳይነካቸው ብላ አንዱንም ለቋንጣ ወጥ አልጣደችውም። አባቴም «እንግዳ ያልቀመሰውን እኛም አንቀምስም» አለ፤ በቃ፣ ያ ነገር ተዘጋ። እኔና ደበላ በጀርባችን ተንጋለን ቋንጣውን እያየን እንውላለን። በሶው አለቀ፣ ዳቦ ቆሎው አለቀ፣ ጣሪያው አፍስሶ የጎተራው እህል በቀለ፤ የቀረው ጉድጓዱ ብቻ ሆነ። ከድር ይህን ሁሉ ያያል። ሳቁ ጠፋ፤ እናቴ ስታቀርብለት ግማሹን ለልጆቹ ገፍቶ እጁን ይታጠባል።

አንድ ቀን ጧት ሰማዩ ተገለጠና አባቴና ደበላ ድንጋዩን አነሡት። ያ ሽታ ወጣ። ግን ብራው ዕድሜ አልነበረውም፤ ረፋዱ ላይ ፉሪ ተራራ ጠቁሮ ነጎድጓዱ መጣ። እንግዲህ ጭንቁ ይኸው ነው፤ ክፍቱን ካደረ ዝናቡ ገብቶ እህሉን ይጨርሰዋል፣ ከተዘጋ ደግሞ ትንፋሹ አይወጣም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ለልጆች የሚሆን አንድ እፍኝ የለም። አባቴ ኩራዙን አወረደ፤ ገና ከጉድጓዱ ወገብ ሳይደርስ ጭልም አለ።

«ገና ነው» አለ።

«ጋሽ ቱፋ፣ ደመናው መጣ እኮ» አለ ከድር። «አንድ ስልቻ ብቻ። ትንፋሼን ይዤ ገብቼ እወጣለሁ።»

«አርፈህ ቁም። አንተ ስኳር ነው የምታውቀው፣ ጉድጓድ አታውቅም።»

ከድር ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ ግን እንቢ አለው። አባቴና ደበላ ጋቢ በገመድ እያወረዱና እያወጡ ትንፋሹን ሲያናውጡት ቆዩና፣ አፉን ለጊዜው የሚሸፍኑበት ቆዳ ሊያመጡ ወደ ቤት ወረዱ። ሲመለሱ እኔና እናቴም ስልቻ ይዘን ከኋላ ነበርን። ጉድጓዱ አፍ ላይ የከድር ጫማና ኮት ተቀምጠዋል። ከድር የለም። ድምፅም የለም።

ዘይነባ ከበሩ ላይ ሆና አየችንና ገባት፤ እየሮጠች መጣች። አባቴ አንዱን ጠፍር ወገቡ ላይ አሰረ፣ ሌላውን ቀለበት አድርጎ በእጁ ያዘ፣ ደበላን «ስወዘውዘው ሳብ፣ ካልወዘወዝኩም ሳብ» አለውና ወረደ። ዝናቡ በዚያው ቅጽበት ለቀቀው። ወንድሜ ጠፍሩን እጁ ላይ ጠምጥሞ፣ እናቴ ወገቡን ይዛ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ፣ ሁላችንም ያንን ጥቁር አፍ እያየን ቆምን። ጠፍሩ አልተወዘወዘም። ደበላ እንደ በሬ ጎበጠና ሳበ፤ አባቴ ፊቱ ጠቁሮ፣ አፉ እንደ ዓሣ እየተከፈተ ወጣና ጭቃው ላይ ተዘረረ፤ የሁለተኛውን ጠፍር ጫፍ ግን አልለቀቀም። መናገር አቅቶት በአገጩ ብቻ ጠቆመን። ያንን ደግሞ ሁላችን ሳብነው፤ ዘይነባም፣ እናቴም፣ እኔም። ከድር ከነጭዱ፣ አንገቱ ተልፈስፍሶ ወጣ።

በደረቱ ላይ ተረባረብን። እናቴ ትነፋለች፣ ዘይነባ ስሙን ትጠራለች፣ ደበላ እግሩን ያሻል። በዚህ መካከል የረገጥነው ክትር ተንዶ ጎርፉ ወደ ጉድጓዱ አፍ መንቆርቆር ጀምሯል፤ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ማንም ዞሮ አላየውም። ከድር ሲያስል ጊዜ አባቴ ጭቃው ላይ እንደ ተጋደመ ዓይኑን ጨፈነ። ጉድጓዱ ያኔ እስከ አፉ ሞልቶ ገብሱ ላዩ ላይ ይንሳፈፍ ነበር።

የዓመት ቀለባችን ነው የሰጠመው። እናቴ የተረፈውን ቀድታ አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው፣ በብረት ምጣድ አመሰችው፤ ሽታው ግን አልለቀቀም። ወንዙ እስኪጎድል የበላነው ያንን ነው። መጀመሪያ ቀን ከድር አንገቱን ደፍቶ ሳይነካው ቀረ። አባቴ ድምፁ ገና አልተመለሰም ነበር፤ በሹክሹክታ፣ «ምነው፣ ሚዛንህን ላምጣልህና መዝነህ ትበላለህ?» አለው። ከድር ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና በኩታው ተሸፈነ። ዘይነባ ከቆሎው ዘግና አጎረሰችው፤ ከዚያ እኛም በላን፣ ፊቱን ያጨማደደ አልነበረም። ስለ ጉድጓዱ አባቴ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሲናገር አልሰማሁም።

ከድር ሱቁን ከወንዙ ራቅ አድርጎ መልሶ ሠራ። አባቴ ከዚያች ቀን ወዲህ ዳገት ሲወጣ ያፏጭ ነበር፣ ደረቱ ውስጥ፤ ግን ብዙ ዓመት ኖረ። የሞተ ቀን ሰዎች ሬሳውን ከመቃብሩ ውስጥ ሆነው ሊቀበሉ ሲዘጋጁ፣ ከድር፣ ጢሙ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ ጫማውን አወለቀ። አንዱ ዘመዳችን «ጋሽ ከድር፣ እርስዎ ይተዉት፣ ወጣቶች አሉ» ቢለው፣ «ይሄኛው የኔ ነው» አለና ወረደ። ቄሱ አይተው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። አባቴን ከታች ሆኖ በሁለት እጁ ተቀበለው፤ አፈሩ ላይ ሲያሳርፈው እንዳያመው የፈራ ይመስል ነበር።

ከድር ራሱ ካረፈ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ደበላም የለም። ጉብታው ተደልድሎ መንገድ ወጥቶበታል፤ ወንዙም ቢሞላ ከመንገዱ የሚቀር ሰው የለም፣ ድልድይ አለው። ክፉ አልሆነም፣ ልጆቻችን በሰላም ይተኛሉ፤ እኔም አልተጎዳሁም። እዚህ ፎቅ ላይ ከበራችን ፊት ለፊት የሚኖረው ሰው ደረጃው ላይ ስንገናኝ በትሕትና አንገቱን ዝቅ ያደርግልኛል፤ ስሙን ግን አላውቀውም፣ እሱም የእኔን አያውቅም። የእኔ ቀን ሲደርስ ሁሉም ነገር በወጉ ይደረጋል፣ ዕድሩም አለ። ብቻ አንዳንዴ ቁጭ ብዬ፣ ከታች ቆሞ በሁለት እጁ የሚቀበለኝ ማን ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ አስቤ አስቤ አንድ ስም እንኳ አይመጣልኝም።